በሃያ ደቂቃ የታደሰች ቮልስ፦ የአማተር መኪና እድሳት ቪዲዮዎችና ተቺዎቻቸው የሚለያዩበት ነጥብ

ቪዲዮው ሲጀምር ጎማዋ የተኛ፣ ወለሏ በዝገት የተበሳ፣ ሣር የበቀለባት አሮጌ መኪና ከዛፍ ሥር ተጎትታ ስትወጣ ይታያል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያቺው መኪና እንደ መስተዋት እያበራች ከጋራዥ ትወጣለች። እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች በዩቲዩብ ላይ እጅግ ብዙ ተመልካች አላቸው። ሠሪዎቻቸው በአብዛኛው አማተሮች ናቸው፤ ማለትም ሥራውን በፍላጎት የያዙና የሙያ ሥልጠና ያልወሰዱ ሰዎች። ነቃፊዎቻቸውም የዚያኑ ያህል በርክተዋል። ነባር የእጅ ባለሙያዎች ብየዳውን፣ የቅርስ ተቆርቋሪዎች አዲሱን ቀለም፣ የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች ደግሞ ባዶ እጅና ያልተሸፈነ አፍንጫ እያዩ ይወቅሳሉ። ደጋፊዎች በበኩላቸው ትችቱ ከንቀት የመጣ ነው፣ ካልተነኩ በስተቀር መኪኖቹ ተቆራርጠው ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዱ ነበር ሲሉ ይመልሳሉ።

ጉዳዩ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት ያለፈ ነው። ብሪታንያ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የታደሱ አሮጌ መኪኖች የሚመዘገቡበትን ደንብ አሻሽላለች። በኢትዮጵያም መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት የኪስ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ እነዚህ ቪዲዮዎች ምን ያስተምራሉ፣ ምንስ ይደብቃሉ የሚለው ጥያቄ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም።

ክርክሩን በጥሞና ለተከታተለ ሰው፣ ወገኖቹ ብዙ ጊዜ ስለ ተለያየ ነገር እየተነጋገሩ እንዳሉ ግልጽ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምገማ ከትችቶቹ ሁሉ ክብደት ያለው በቪዲዮው ቅንብር ላይ የሚነሳው ነው፤ የሠሪው እጅ ቢሳሳት ይታረማል፣ ተቆርጦ የወጣው ሰዓት ግን የሥራውን ፍሬ ነገር ይዞት ይሄዳል።

መጠገን፣ ማደስ፣ መጠበቅ

በአማርኛ "እድሳት" የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ ቤት ለመቀባትም፣ መንጃ ፈቃድ ለማራዘምም፣ ሞተር አውርዶ ለመሥራትም ያገለግላል። በአሮጌ መኪኖች ዓለም ግን ቃላቱ ተለይተው ተተርጉመዋል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በምኅጻር ፊቫ ተብሎ የሚጠራው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 እ.ኤ.አ. "የቶሪኖ ቻርተር" የተባለ ሰነድ አጽድቋል። ሰነዱ መነሻ ያደረገው ለሕንፃ ቅርሶች በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቬኒስ ቻርተር ነው። የቬኒሱ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት የሚል የታወቀ መርሕ አለው። የቶሪኖው ቻርተርም በዚሁ መንፈስ፣ ያለውን እንዳለ መንከባከብን ከማደስ ያስቀድማል። ማደስ ግድ ሲሆን የተተካው ክፍል ምን እንደሆነ ተመዝግቦ እንዲቆይ ይጠይቃል።

በቪዲዮዎቹ ላይ የሚታየው አብዛኛው ሥራ በዚህ ሚዛን ሲታይ እድሳት ላይባል ይችላል። የአሮጌ መኪና አካል ይዞ አዲስ ሞተርና ዘመናዊ ፍሬን የሚገጠምበት አሠራር "ሬስቶሞድ" የሚል የራሱ ስም አለው። ሌላው ደግሞ ቀለም ቀብቶ ማሳመር ብቻ ነው። ሠሪው ርእሱ ላይ "እድሳት" ብሎ ሲጽፍ የቅርስ ተቆርቋሪው በቻርተሩ ትርጉም ያነበዋል፤ ግማሹ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

የተቆርቋሪዎቹ ስጋት ከንቱ አለመሆኑን ለማየት ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይበቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስዋገን እንደነበረች ይታወቃል። ያቺ መኪና ዛሬ ተገኘች እንበል። ወንበሯን አልብሶ፣ ቀለሟን ፍቆ፣ ፋብሪካ እንደወጣች አድርጎ ማቅረብ ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን የኋላ ወንበሯ መቀደዱም የበሯ መጫሩም ምስክርነት ነበሩ። ሰብሳቢዎች መኪና የፋብሪካ ይዞታዋን የምትይዘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህ ክርክር ግን ለእያንዳንዷ ቮልስ እኩል ክብደት የለውም። ጥንዚዛ መሰሏ ቮልስዋገን በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከተማ የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተመርታለች። ከእነዚህ አንዷን አንድ አማተር በማይሆን ሰማያዊ ቀለም ቢቀባት ታሪክ የሚያጣው ነገር ብዙ አይደለም።

ከበሩ ሥር ያለው ባዶ ብረት

የብየዳው ትችት ከዚህ ይለያል፤ ለማየትም ይህችኑ ቮልስ በቅርበት መመልከት ይጠቅማል። የቮልስ አካል ከወለሏ ጋር በቡሎን የታሰረ ነው። ቡሎኖቹ ተፈትተው አካሉ ተነሥቶ ወለሉ ብቻውን ሲቀር ስለሚታይ፣ ብዙ አማተር አካሉ ሽፋን ብቻ ነው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ወለሉ ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን ከሁለቱም በሮች ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ባዶ፣ ሣጥን መሰል ብረት አለ። ይህ ክፍል ሁለት ሥራ አለው። በአየር ከሚቀዘቅዘው የኋላ ሞተር ሙቅ አየር ወደ ፊት ያደርሳል፤ የበሩን የፊትና የኋላ ምሰሶ ደግሞ ከታች አያይዞ አካሉ እንዳይታጠፍ ይይዛል። ውስጡ ባዶ በመሆኑ ውኃ ገብቶ ይተኛበታል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላው፣ ከውጭ አንዲት ትንሽ እብጠት በታየች ጊዜ ከውስጥ ያለቀ ነው።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ አግዳሚ ብረት በይዶ አካሉን ያስራል። አዲሱን ሣጥን መጀመሪያ በወለሉ ላይ በቡሎን ያስረዋል፤ ከዚያ በሮቹን ሰቅሎ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ በበሩና በምሰሶው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን በዓይንም በመለኪያም ያያል። አካሉን ጥቂት ይገፋል፣ እንደገና ይለካል። የሚበይደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱንም በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር አይበይድም፣ ላሜራው በሙቀት እንዳይጣመም እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረገ ነው። ይህ ሥራ ቀናት ይፈጃል፤ በቪዲዮ ግን ምንም አይታይበትም። አንድ ሰው በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል፣ ያስባል።

ተቺዎቹ በተደጋጋሚ የሚያሳዩት ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። የዛገው ሳይቆረጥ አዲስ ላሜራ ከላዩ ይለጠፍበታል። ከውጭ ጥሩ ይመስላል፤ ሆኖም በአሮጌውና በአዲሱ መካከል የቀረው ጠባብ ክፍተት እርጥበት ይይዛል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ የሚይዝ ስለሆነ ሁለቱን እያራራቀ ይሄዳል። ስፌቱ በስቱኮ ተሸፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ቀለም ሲቀባ ጉድለቱ ከዓይን ይሰወራል። የቪዲዮው የመጨረሻ ምስል በጥሩ ባትላሜራ እጅ ከተሠራችው መኪና ጋር ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የሚታየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ወይም በግጭት ጊዜ ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው። ከባትሪው የሚወጣው አሲድ ያንን የወለል ጥግ ቀድሞ ይበላዋል፤ የባትሪው ክዳን ከሌለና ወንበሩ ላይ ክብደት ከተጫነ ደግሞ የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ራስ ጋር ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አዲስ ወንበር አልብሶ ክዳኑን የረሳ እድሳት ለካሜራ ሙሉ ነው።

ቪዲዮው ለምን እንዲህ ይሆናል

ይህን ሁሉ ለሠሪው ስንፍና መስጠት ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን በክፍያው ሥርዓት ውስጥ የተገነባ ነው። ዩቲዩብ ከመደበኛ ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለሠሪው ይሰጣል። ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነ ቪዲዮ በመሐሉ ማስታወቂያ ሊገባበት ይችላል። ገቢው ተመልካቹ በሚቆይበት ጊዜ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሰው ጥሎ የሚሄድበት ቦታ ሁሉ ይቆረጣል። ሰው ጥሎ የሚሄደው ደግሞ በር ሲለካ፣ ቡሎን አልፈታ ሲል፣ የተበየደው ተፈልፍሎ እንደገና ሲበየድ ነው። በአንጻሩ ግራይንደር ብልጭታ ሲረጭ፣ የግፊት ውኃ ጭቃ ሲገፍ፣ ቀለም ሲያርፍ ማንም ዓይኑን አይነቅልም። በዚህ ምክንያት ከብዙ መቶ ሰዓት ሥራ የሚተርፈው ሃያ ደቂቃ ሥራውን በእኩል አይወክልም፤ ለዓይን የሚጥመውን ክፍል ብቻ ለቅሞ ያወጣል።

ተመልካቹ ከዚህ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ይዞ ይወጣል። አንደኛው ስለ ጊዜና ገንዘብ ነው፤ በቪዲዮ ተነሳስተው መኪና ገዝተው፣ ፈትተው፣ ክፍሎቹን በየሳጥኑ እንደበተኑ የሚሸጡ ሰዎች በየአገሩ የአሮጌ መኪና ገበያ የተለመዱ ናቸው። ሁለተኛው ስለ ሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ማሳመር መጨረሻ ሳይሆን ዋናው ሥራ ይመስለዋል።

በሌላ በኩል ረጅም ሰዓት የሚፈጁ፣ አንዷን መኪና ዓመታት ወስደው በተከታታይ ክፍል የሚያሳዩ፣ የተበላሸ ብየዳቸውን ቆርጠው ሲጥሉ ካሜራውን የማያጠፉ አማተሮችም አሉ። ተከታዮቻቸው እንደ ፈጣኖቹ ባይበዙም ታማኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ገቢያቸውን ከማስታወቂያ ይልቅ ከተመልካቾች ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። ይህ የገቢ መንገድ ሠሪውን ከደቂቃ ቆጠራው በከፊል ነጻ ያወጣዋል። ከጅምላ ትችት ይህን ልዩነት ማየት አይቻልም።

ሰው ሠራሽ ዝገት

ከጉድለት ወደ ማታለል የተሻገሩ ቪዲዮዎችም መኖራቸው ተደጋግሞ ተነግሯል። ንጹሕ ብረት ላይ ጨው፣ ኮምጣጤና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቢረጭ በሰዓታት ውስጥ ብርቱካንማ ዝገት ይለብሳል። ይህ ማጭበርበሪያ ይበልጥ የሚስማማው ለመጫወቻ መኪናና ለእጅ መሣሪያ ነው፤ ሙሉ መኪና ለማዛግ ወጪው አያዋጣም። በሙሉ መኪና ላይ የሚቀለው "ከአርባ ዓመት በኋላ ሞተሩ ተነሣ" የሚለው ነው፤ ካርቡራተሩ ተጠርጎ፣ ካንዴላው ተቀይሮ፣ ሞተሩ ከካሜራ ጀርባ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲያበቃ ቀረጻው ይጀመራል። እውነተኛ የዓመታት ዝገት ብረቱን ቦርቡሮ ጉድጓድ ያወጣበታል፣ የቡሎንን ጥርስ ያጣብቃል፣ ከጎኑ ያለው ጎማም አብሮ ይሰነጠቃል። ቆዳው ብቻ ብርቱካንማ ሆኖ ቡሎኑ በመጀመሪያው ቁልፍ የሚፈታ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ካሜራው የማይቀርጸው አደጋ

ከሁሉም ትችቶች አጸፋ የማይገኝለት የጤናው ነው። በአሮጌ መኪኖች የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የተባለ የሳንባ ካንሰር የሚያስከትል ቃጫ መሰል ማዕድን ይገኛል። የፍሬኑን ታምቡር ከፍቶ በኮምፕሬሰር አየር አቧራውን ማባረር በቪዲዮ ለዓይን ያረካል፤ ለሳንባ ግን ከዚህ የከፋ አሠራር የለም። ባለ ሁለት ቅልቅል የሆኑት ዘመናዊ የመኪና ቀለሞች ማጠንከሪያ አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል አለው። ይህ ኬሚካል ዘላቂ አስም ያስከትላል፤ ሽታው ስለማያስጠነቅቅም ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልገዋል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ብረት በኤሌክትሪክ ሲበየድ ደግሞ ፎስጂን ሊፈጠር ይችላል፤ ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመግደያነት የዋለ ጋዝ ነው።

በተለይ የተስፋፋው ስሕተት በባትሪ ቻርጀርና በሶዳ ውኃ ዝገት የማስለቀቅ ዘዴ ላይ የሚታየው ነው። ዘዴው ራሱ ጥሩ ነው፤ ከቻርጀሩ ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር የሚያያዘው ብረት ተራ ብረት እስከሆነ ድረስ። ብዙ ሰው ግን "አይዝጌ ብረት ቶሎ አያልቅም" ብሎ የወጥ ቤት ማንኪያ ወይም ትሪ ያስራል። በአይዝጌ ብረት ውስጥ ያለው ክሮሚየም ወደ ውኃው ሲሟሟ ካንሰር አምጪ ወደሆነው ዓይነት ይለወጣል፤ ቢጫ የሆነው ውኃም መጨረሻ ላይ ግቢ ውስጥ ይደፋል።

ደጋፊዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት አንድ ነገር ግን ትክክል ነው። በመደበኛ ጋራዦችም ቢሆን ያለ ጭንብል ቀለም የሚረጭ፣ መኪናን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ሥሯ የሚገባ ሠራተኛ ሞልቷል። ልዩነቱ አማተሩ ስሕተቱን በአደባባይ መሥራቱና ሺዎች እንዲከተሉት ማድረጉ ነው። በአደባባይ ስለሆነም ስሕተቱን የሚያርም ባለሙያ ከሥሩ አስተያየት ሊጽፍለት ይችላል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ያለውን ማን ያያል?

ሕጉ የቆመበት ቦታ

የታደሰ መኪና ማንነት ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። በ1929 እና በ1930 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የሚካሄደውን "ለ ማን" የተባለ የመኪና ውድድር ያሸነፈች አንዲት ቤንትሌይ በ1990 እ.ኤ.አ. በለንደን ለክርክር ቀረበች፤ ገዢው በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተስማማባትን መኪና አብዛኛው ክፍሏ ተቀይሯል፣ ያቺ መኪና አይደለችም ብሎ ነበር። ዳኛው ታሪኳ ሳይቋረጥ የቀጠለ በመሆኑ እውነተኛዋ መኪና ናት ሲሉ ፈረዱ፤ መጀመሪያ እንደወጣች ያለች ናት የሚለውን ግን አልተቀበሉም። ሁለቱን ቃላት መለየታቸው ዛሬ በቪዲዮዎቹ ሥር ለሚካሄደው ንትርክ ጥሩ ትምህርት ይሆን ነበር።

የብሪታንያ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት የነጥብ አሠራር፣ በጥልቀት የተለወጠ መኪና የቀድሞ ሰሌዳውን ለመያዝ ቢያንስ 8 ነጥብ እንዲያሟላ ይጠይቅ ነበር፤ ሻንሲው ብቻውን 5 ነጥብ ሲያስገኝ ሞተሩ 1 ብቻ ያስገኝ ነበር። ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ መልኩ ሳይለወጥ እንደነበረው ተተክቶ የታደሰ መኪና ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ አይደለም፤ ትልቅ ለውጥ የተደረገበትም ቢያሳውቅ የቀድሞ መለያ ቁጥሩን ይዞ መቀጠል ይችላል። አማተሮች ይህን በደስታ ተቀብለውታል።

ተቺዎችን የሚያሳስባቸው ግን ከሌላ ደንብ ጋር ሲገጥም ነው። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው አገር ከ40 ዓመት በላይ የሆኑና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ነጻ ናቸው። ባለቤቱ መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዲሆን የማድረግ ግዴታው ባይቀርለትም፣ በስቱኮ የተሸፈነውን ብየዳ የሚያይ ሦስተኛ ዓይን የለም። ጀርመን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከተለችው መንገድ የተለየ ነው፤ 30 ዓመት የሞላው መኪና በ"ኤች" ፊደል የሚለይ የታሪካዊ መኪና ሰሌዳና የግብር ጥቅም የሚያገኘው ይዞታው በባለሙያ ተመርምሮ ነው፣ መደበኛው ምርመራም አይቀርለትም። የጀርመኑ አሠራር የተሻለ ይመስላል፤ አማተሩ እንዳይሠራ አይከለክለውም፣ ሥራው ግን መኪና በሚያውቅ ሰው እጅ እንዲዳሰስ ያደርጋል።

አዲስ አበባ ላይ ሲታይ

ፊቫ ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ የታሪክ ይዞታውን የጠበቀና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል መኪናን ነው። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ የምትውል የአዲስ አበባ ቮልስ በዚህ ትርጉም ከመዝገቡ ውጪ ናት። እዚህ እድሳት አንድ ጊዜ ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ አልነበረም፤ ለአሥርት ዓመታት ክፍሏ ከሶማሌ ተራ እየተፈለገ፣ ያልተገኘው በባትላሜራ መዶሻ እየተቀጠቀጠ የቆየ ነው። ቃላቱ ራሳቸው፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ከጣልያንኛ ወርደው በእጅ ሥራ የተወረሱ ናቸው።

የውጭ ቪዲዮዎችን አይቶ እዚህ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ማስተዋል ያለበት የአየር ንብረትና የመንገድ ልዩነትም አለ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መኪና የሚያዝገው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ ዝገቱም ከሥር ይጀምራል፣ ቪዲዮዎቹም ወለል በመቁረጥ ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ጨው የለም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ውኃ በደረቀ የመስኮት ጎማ በኩል ወደ በር ውስጥ ይወርዳል፣ የበሩ ታችኛ ማፍሰሻ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነም እዚያው ተኝቶ ይከርማል፤ ፀሐይዋ ደግሞ ቀለሙን ከላይ ትሰነጥቀዋለች። ስለዚህ በቪዲዮ እንዳየው ደህናውን ወለል ቆርጦ ከመጣሉ በፊት በበሩ ታች ያለችውን ቀዳዳ በሽቦ ጠርጎ ማየት ምንም አያስከፍለውም፤ ውኃው ወርዶ ካለቀና ከሥሩ ያለው ብረት ሲኳኳ ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ ግራይንደሩን ማስነሣት አያስፈልገው ይሆናል።